ሲጋራ ያላጨሰው ከሳሽ፦ የአንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

አሜሪካ ነዳጅ ማደያ ወይም የሰፈር ሱቅ የሠራ ሐበሻ ሲጋራ ሸጧል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች ሲጋራ ነው። ከሱቁ ወጥቶ አውራ ጎዳናው ላይ ሲነዳ ግን አንድም የሲጋራ ቢልቦርድ አያይም። የሐምበርገር አለ። የቢራ አለ። ፊቱን ኮስተር ያደረገ የመኪና አደጋ ጠበቃም አለ። የሲጋራ የለም።

ብዙ ሰው ይህን የከለከለው የኮንግረስ ሕግ ይመስለዋል። የከለከለው ግን ውል ነው። ትልልቆቹ የሲጋራ ኩባንያዎች ከ46 ግዛቶች ጋር ኖቬምበር 23 ቀን 1998 የፈረሙት ውል። ከ14 ስኩዌር ፊት የሚበልጥ የውጭ ማስታወቂያ እንዳይሰቅሉ፣ ለልጆች የሚማርክ የካርቱን ሥዕል እንዳይጠቀሙ፣ በ25 ዓመት ውስጥም 206 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፍሉ ተስማሙ።

የዚህ ውል ዘር የተዘራው ከፊርማው አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሚሲሲፒ ውስጥ ነው። ዘሪው የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር። ጉዳዩን መመዝገብ የፈለግኩት ስላሸነፈ ብቻ አይደለም። ያሸነፈበት መንገድ ራሱ፣ በኋላ ለታየው ብልሽት በር መክፈቱ ይገርመኛል።

ሁለት ማሳሰቢያ። የሰዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ፤ ትኩረቴ አሠራሩ ላይ ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሥልጣኑ ምን ዓይነት ነው?

እኛ አገር «ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ» ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው በመንግሥት የሚሾም ባለሥልጣን ነው። የፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2016 ተቋቁሞ በ2021 ሥራው ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲዞር፣ ሹመቱ ሁሌም ከላይ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ እንዲሁ በሹመት ነው። የግዛቶቹ ግን ይለያል። ከ50ዎቹ ግዛቶች በ43ቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። ገዢው አልሾመውም፤ ስለዚህ አያባርረውም። ከሌላ ፓርቲ ሊሆንም ይችላል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አባወራ እንደማለት ነው።

ነፃነቱ ዋጋ አለው። በጀቱን የሚመድበው የግዛቲቱ ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ካልወደደለት የመክሰስ ሥልጣን አለው፣ የመክሰሻ ገንዘብ ግን የለውም። ሥልጣን ያለ ገንዘብ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ነጥብ ነው።

ሰውዬው

በ1952 የተወለደው በሚሲሲፒ ደቡብ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለችው ፓስካጉላ ነው። ፓስካጉላ የመርከብ ግንባታ ከተማ ናት። ሕግ የተማረው እዚያው ግዛት በሚገኘው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በ1976 ጨረሰ። ይህ ዝርዝር ተራ ይመስላል። ግን በኋላ ለትልቁ ክስ የተጠራሩት ሰዎች እዚያው የሕግ ትምህርት ቤት አብረውት የተማሩ ናቸው።

በ1979 የወረዳ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተመረጠ። ገና ሠላሳ አልሞላውም። ስሙ የወጣው በሙስና የተዘፈቁ የካውንቲ ሹማምንትን ፍርድ ቤት በማቆም ነው። በትውልድ ከተማህ ሹማምንት ላይ መነሣት ቀላል አይደለም። ቤተሰብህ ከነሱ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ሚስቶቻችሁ አንድ ሱቅ ይገዛሉ። እሱ ግን ተነሣ፣ ሕዝቡም ወደደለት። በ1987 በ35 ዓመቱ የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተመረጠ። ወንበሩ ላይ 16 ዓመት ቆየ፤ አራት የምርጫ ዘመን መሆኑ ነው።

ሁሉም አልሠመረለትም። በ1989 የፓስካጉላ አካባቢ የኮንግረስ ወንበር ሲለቀቅ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ያኔ ቢያሸንፍ ኖሮ ዋሽንግተን ሄዶ ከ435ቱ አንዱ ይሆን ነበር። ይህን ጽሑፍም አልጽፍም ነበር።

ችግሩ

ሲጋራ ካንሰር እንደሚያመጣ የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም በ1964 በይፋ ተናግሯል። ከ1966 ጀምሮ ፓኮው ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። የሞተባቸው ቤተሰቦች ግን ከሰው ገንዘብ ማግኘት አልቻሉም። ከ1950ዎቹ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክሶች ቀርበዋል። ኩባንያዎቹ አንድ ሳንቲም ካሳ አልከፈሉም።

መከላከያቸው አጭርና ጠንካራ ነበር። «ማስጠንቀቂያውን አንብበሃል። ማንም አላስገደደህም። መርጠህ አጨስክ።» ለሕዝብ ዳኞች፣ ማለትም ከሕዝቡ ተመርጠው ለሚፈርዱ ተራ ዜጎች፣ ይህ ይገባቸዋል። ከዳኞቹ አንዳንዱ ራሱ ያጨሳል፣ ሌላው ጥርሱን ነክሶ አቁሟል። «እኔ ካቆምኩ እሱስ?» ይላል።

ሁለተኛው መከላከያ ገንዘብ ነው። ከሳሽን ማድከም። በኒው ጀርሲ የአንዲት ሟች ቤተሰብ በ1988 የ400 ሺሕ ዶላር ፍርድ አግኝቶ ነበር። ኩባንያዎቹ ይግባኝ አሉ፤ ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። መጨረሻው? ከሳሾቹ ከብዙ ዓመት በኋላ ባዶ እጃቸውን ተዉት።

ሚሲሲፒ ደግሞ ከድሆቹ ግዛቶች ድሃዋ ናት። ሜዲኬይድ የሚባለው የድሆች የጤና መድን ወጪው የሚሸፈነው በፌዴራሉ መንግሥትና በግዛቲቱ ነው። አጫሹ በሳንባ ካንሰር ወይም በልብ ሕመም ሆስፒታል ሲተኛ፣ ሒሳቡ የሚመጣው ለግብር ከፋዩ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ሐሳቡ የዐቃቤ ሕጉ አልነበረም። ይህን ማለት ተገቢ ነው፤ ሰዎች ታሪኩን ሲያወሩ እሱን ብቻ ስለሚያነሡ።

በ1993 ክላርክስዴል ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣ አንድ ጠበቃ ሜምፊስ ሆስፒታል የታመመች የሚያውቃትን ሴት ይጠይቃል። ለረጅም ዘመን አጫሽ ነበረች፤ ልቧ ደክሟል። ገንዘቧ አልቆ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው ሜዲኬይድ ሆኗል። ጠበቃው ከክፍሉ ወጥቶ አንድ ነገር ያስባል። እሷ ብትከስ «መርጠሽ አጨስሽ» ትባላለች። ሒሳቡን የሚከፍለው መንግሥትስ? መንግሥት አላጨሰም።

እኔን ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የሚማርከኝ ይህች ቅጽበት ናት። አዲስ ማስረጃ አልተገኘም። አዲስ ሕግ አልወጣም። የተቀየረው ከሳሹ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ያልተሰበረው መከላከያ በአንዴ ቦታ አጣ።

ጠበቃው የትምህርት ቤት ጓደኛውን ዐቃቤ ሕጉን አናገረ። ዐቃቤ ሕጉ ወደ ሦስተኛ ጓደኛ ላከው። ይህኛው የፓስካጉላ ጠበቃ ነው፤ አስቤስቶስ በሚባል ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን የታመሙ የመርከብ ሠራተኞችን ወክሎ በመክሰስ ብዙ ሀብት ያፈራ። የግል ጄት ሁሉ ነበረው። ጄቱ ወደፊት ይመጣል።

ክሱ

ኤፕሪል 14 ቀን 1994 የሰባት የሲጋራ ኩባንያዎች ኃላፊዎች ኮንግረስ ፊት ቆመው፣ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ማሉ። ከዚያም ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ አንድ በአንድ ተናገሩ። አርባ ቀን ሳይሞላ፣ ሜይ 23፣ ሚሲሲፒ ከሰሰች። የመጀመሪያዋ ግዛት ናት።

ክሱ የቀረበበት ቦታም ታስቦበታል። ሚሲሲፒ ውስጥ ቻንስሪ የሚባል ፍርድ ቤት አለ። በአባቶቻችን ቋንቋ የርትዕ ችሎት ልንለው እንችላለን። የሕዝብ ዳኞች የሉበትም፤ አንድ ዳኛ ይወስናል። ስለዚህ «እኔ ካቆምኩ እሱስ?» የሚል ዳኛ የለም። ፍርድ ቤቱ የሚገኘው ደግሞ ፓስካጉላ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ባደገበት ከተማ።

የክሱ መሠረት ያላግባብ መበልጸግ ነው። እናንተ ከሲጋራ ታተርፋላችሁ፣ ያስከተለውን ወጪ እኛ እንከፍላለን፤ ይህ ርትዕ አይደለም፣ መልሱልን። የእኛን ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2162 ያነበበ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። በሌላው ጉልበት ወይም ሀብት ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገ ሰው ይካስ ይላል። መርሁ አሮጌ ነው። በሲጋራ ላይ መጠቀሙ ነው አዲሱ።

ኩባንያዎቹ ካቀረቡት ክርክር አንዱን ልጥቀስ። አጫሾች ቀድመው ስለሚሞቱ መንግሥት የጡረታና የእርጅና ሕክምና ወጪ ይቀንስለታል የሚል ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ይካካሳል ነው ነገሩ። በሒሳብ ደረጃ ምናልባት ያስኬዳል። ፍርድ ቤት ቆሞ ጮክ ብሎ መናገሩ ግን ድፍረት ይጠይቃል።

ገንዘቡስ? ምክር ቤቱ አልመደበም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ የግል ጠበቆችን ቀጠረ። ውሉ «ከተሸነፍን ምንም፣ ካሸነፍን ድርሻ» ነው። ወጪውን ሁሉ ቻሉ። ግዛቲቱ ከኪሷ ሳታወጣ የአገሪቱን ሀብታም ኩባንያዎች ከሰሰች።

ከዚያ ጄቱ ተነሣ። ዐቃቤ ሕጉና የፓስካጉላው ጠበቃ ከግዛት ግዛት እየበረሩ ሌሎቹን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጎች ይለምኑ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ጉዳዩን እንደ እብደት ነበር ያዩት። ሚኒሶታ በዚያው ዓመት ኦገስት ከሰሰች። ዌስት ቨርጂኒያ ተከተለች፣ ፍሎሪዳ በ1995 መጣች። በ1997 አጋማሽ ወደ 40 የሚጠጉ ግዛቶች ገብተውበታል። አንድን ግዛት ማድከም ይቻላል። አርባውን ግን እንዴት?

የራስ ገዢ ሲከስህ

የሚሲሲፒ ገዢ ከሌላው ፓርቲ ነበር። ሜዲኬይድ የሚተዳደረው በገዢው ሥር ስለሆነ፣ «ያለ እኔ ፈቃድ በሜዲኬይድ ስም መክሰስ አትችልም» አለ። በ1996 መጀመሪያ ላይ ገዢው ራሱ ክሱ እንዲቆም ለግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አመለከተ። የግዛቲቱ ገዢ የግዛቲቱን ጠበቃ አስቁሙልኝ ማለቱ ነው። ተከሳሾቹ ምን ያህል እንደተደሰቱ መገመት አይከብድም።

አንድ ዓመት ገደማ ተንጠለጠለ። ማርች 1997 ፍርድ ቤቱ ክሱን ለማስቆም ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ ሊያቆም ይችል ነበር፤ ሰበብም ነበረው። አላቆመም። በሹመት የመጣ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በአንድ የስልክ ጥሪ ያልቅ ነበር።

ወረቀቶቹና ምስክሩ

ክሱን ያጠነከረው ግን ከውስጥ የመጣ ነገር ነው።

ኬንታኪ ውስጥ ብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን የሚባለው ኩባንያ የሕግ ሰነዶቹን ለማደራጀት የጠበቆች ቢሮ ቀጥሮ ነበር። ቢሮው ውስጥ የሚሠራ አንድ የጠበቃ ረዳት ያነበበው ነገር አላስቻለውም። ራሱም አጫሽ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች በድብቅ ገለበጠ። ከመካከላቸው በ1963 የኩባንያው የሕግ ኃላፊ የጻፈው ማስታወሻ ይገኝበታል። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ ሥራችንም ይህን ሱስ አስያዥ ዕፅ መሸጥ ነው ይላል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ኃላፊዎቹ ኮንግረስ ፊት የማሉት የዚህን ተቃራኒ ነው።

ሰነዶቹ እነ ዐቃቤ ሕጉ እጅ ገቡ። እነሱም ለኮንግረስ አደረሷቸው። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ሰነዶቹ የተወሰዱ ናቸው፣ ኩባንያው ተሰረቅኩ ብሎ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። የፓስካጉላው ጠበቃ በኋላ ለዚህ ሰው ቤትና መኪና እንዲኖረው በገንዘብ ረድቶታል። ሐቁን ያወጣ ሰው መደገፍ ነው ወይስ ለማስረጃ መክፈል? ተቺዎች ይህን አጥብቀው ጠይቀዋል፤ እኔም ልቤ ሙሉ በሙሉ አልረጋም።

ሁለተኛው ምስክር ከፍ ያለ ነው። የዚያው ኩባንያ የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ ሳይንቲስት። ከሥራ ተባሮ የምስጢር ጠብቅ ውል ፈርሟል። ኖቬምበር 29 ቀን 1995 ፓስካጉላ ቀርቦ ቃሉን ሊሰጥ ሆነ። ኬንታኪ ያለ ፍርድ ቤት ደግሞ እንዳይናገር አግዶታል። ከተናገረ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሊታሰር ይችላል። ሰውዬው አሰበ፣ ተናገረም። የኩባንያው ጠበቆች በየዓረፍተ ነገሩ እየተነሡ ይቃወሙ ነበር።

ከዚያ ግድግዳው መሰንጠቅ ጀመረ። ሊጌት የተባለው ትንሹ ኩባንያ በማርች 1996 ሚሲሲፒን ጨምሮ ከአምስት ግዛቶች ጋር ታረቀ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሲጋራ ሱስ እንደሚያስይዝና ካንሰር እንደሚያመጣ አመነ። እንዲህ ብሎ በይፋ ያመነ የመጀመሪያው ኩባንያ ነው።

ያልሠራው ዕርቅና የሠራው

ጁን 20 ቀን 1997 ዐቃቤ ሕጉ ከባልደረቦቹ ጋር ዋሽንግተን ላይ ካሜራ ፊት ቆመ። 368.5 ቢሊዮን ዶላር በ25 ዓመት። ኩባንያዎቹ በምላሹ ከጅምላ ክሶችና ከቅጣት ካሳ ጥበቃ ያገኛሉ። ለዚህ የኮንግረስ ሕግ ያስፈልጋል።

ይህ ከሸፈ። የጤና ባለሙያዎቹ «ጥበቃው በዛ» ብለው ተነሡበት። ሴኔቱ ረቂቁን አጠንክሮ ገንዘቡን ከ500 ቢሊዮን በላይ ሲያደርሰው ኩባንያዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። አሥር ሚሊዮኖች ዶላር አፍስሰው በቴሌቪዥን ዘመቱበት። ጁን 1998 ረቂቁ ሞተ። በእኔ እይታ የዐቃቤ ሕጉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ኃይል ነበረው። ኮንግረስ ውስጥ ግን እንደማንኛውም ጉዳይ አስፈጻሚ (ሎቢስት) በር ያንኳኳ ነበር።

ደግነቱ እንቁላሉን ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ አላስቀመጠም። የኮንግረሱ ነገር ገና ሳይታወቅ፣ የሚሲሲፒው ክስ ሊሰማ ቀናት ሲቀሩት፣ ጁላይ 3 ቀን 1997 ኩባንያዎቹ ለሚሲሲፒ ብቻ 3.36 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። ውሉ ውስጥ አንዲት ብልጥ አንቀጽ ነበረች። ከእኛ በኋላ የታረቀ ግዛት የተሻለ ካገኘ እኛም እናገኛለን ትላለች። በኋላ ሌሎቹ የተሻለ አገኙ፣ የሚሲሲፒም ድርሻ ወደ 4.1 ቢሊዮን አደገ። ፍሎሪዳ በ11.3 ቢሊዮን ታረቀች፣ ቴክሳስ በ15.3።

ሚኒሶታ መንገዷ የተለየ ነው። ክርክሩን እስከ መጨረሻው ገፍታ፣ የሕዝብ ዳኞቹ ለውሳኔ ሊቀመጡ ሲሉ ሜይ 1998 ታረቀች። ከ6 ቢሊዮን ዶላሩ ሌላ ሰነዶቹ ለሕዝብ እንዲከፈቱ አስደረገች። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገጽ። ዛሬ ተመራማሪዎች የሚያነቡት ያንን ነው።

የቀሩት 46ቱ በኖቬምበር ያ የቢልቦርዱን ነገር ያመጣውን ውል ፈረሙ። በዚያው ሰሞን ትልልቆቹ ኩባንያዎች የአንድ ፓኮ ዋጋ ላይ 45 ሳንቲም ጨመሩ። ካሳውን ማን እንደከፈለ ይኸው። አጫሹ። ያውም ብዙውን ጊዜ ድሃው አጫሽ።

ገንዘቡ የት ገባ?

ሚሲሲፒ በ1999 የጤና አደራ ፈንድ አቋቋመች። ሐሳቡ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ወለዱ ለጤና እንዲውል ነው። ለልጆች የፀረ ሲጋራ ትምህርትም በፍርድ ቤት ትእዛዝ በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ፕሮግራሙ ሠርቷል፣ የሚያጨሱ ተማሪዎች ቁጥር ወርዷል።

ዐቃቤ ሕጉ በጃንዩዋሪ 2004 ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ወር ወንበር የያዘው አዲስ ገዢ ቀድሞ በዋሽንግተን የሲጋራ ኩባንያዎች ጉዳይ አስፈጻሚ የነበረ ነው። ገንዘብ የሚመድበው ምክር ቤቱ እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም ብሎ ተከራከረ። በሕግ ሲታይ ክርክሩ ባዶ አልነበረም። በ2006 የ20 ሚሊዮኑ ትእዛዝ ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱ በሕግ ሌላ ጽሕፈት ቤት አቋቋመ። አደራ ፈንዱ ግን በጀት በጎደለ ቁጥር እየተቀዳ አለቀ ማለት ይቻላል። ሌሎቹም ግዛቶች ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ አላደረጉም። መንገድ የሠራበት አለ፣ ቦንድ ሸጦ የወደፊቱን ክፍያ አስቀድሞ የበላም አለ።

ጠበቆቹስ? የግልግል ዳኞች ለሚሲሲፒ ጠበቆች 1.43 ቢሊዮን ዶላር ወሰኑላቸው። የከፈሉት ኩባንያዎቹ ናቸው፣ በየዓመቱ እየተቆራረጠ። ለአደጋቸው የሚገባ ነው የሚሉ አሉ። በአንድ ባለሥልጣን ጓደኞች እጅ ይህን ያህል ገንዘብ መግባቱ አያምርም የሚሉም አሉ። የፓስካጉላው ጠበቃ መጨረሻ ደግሞ አሳዛኝ ነው። በ2008 በሌላ ጉዳይ፣ በጠበቆች ክፍያ ክርክር ላይ ዳኛ ለመደለል በማሤር ጥፋተኝነቱን አምኖ አምስት ዓመት ተፈረደበት።

ከጉዳዩ ምን እንወስዳለን?

የመጀመሪያው የከሳሹ ነገር ነው። አንድ ክርክር ደጋግሞ ሲወድቅ ሁላችንም የበለጠ ማስረጃ ፍለጋ እንሮጣለን። እዚህ የሠራው ጉዳቱን ሌላ ማን እንደሚሸከም መጠየቁ ነው። ለሸማቾች ማኅበርም፣ ለአካባቢ ብክለት ክርክርም ይሠራል። ወንዙን ፋብሪካ ከበከለው የታመመው ገበሬ ብቻ አይደለም ተጎጂው፤ ውኃ የሚያጣራው የከተማ መሥሪያ ቤትም ሒሳብ ይመጣበታል።

ሁለተኛ፣ ጓደኞችን ማብዛት ከጥንካሬ ይበልጣል። ያ ጄት ምናልባት ከሕጉ ክርክር የማይተናነስ ሥራ ሠርቷል።

የበጀቱ ነገር ግን ከባድ ነው። ለመንግሥት ሥራ የግል ገንዘብ ስትጠቀም ነፃነት ታገኛለህ፤ በዚያው ልክ ዕዳ ትገባለህ። ዐቃቤ ሕጉ ከመጀመሪያው ለክፍያው ጣሪያ ቢያበጅለትና ጠበቆቹን በጨረታ ቢመርጥ ኖሮ ከግማሽ በላይ የሆነው ትችት አይነሣም ነበር። ይህን ዛሬ መናገር ቀላል ነው፤ ያኔ ጨረታ ቢወጣ ማን ይመጣ ነበር የሚለው ጥያቄም አለ። ብዙ ግዛቶች በኋላ እንዲህ ያለውን ክፍያ የሚገድብ ሕግ አውጥተዋል።

የገንዘቡ ቁልፍ ደግሞ ውሉ ላይ መሆን አለበት። ካሸነፉ በኋላ «ለጤና ይውላል» ብሎ መናገር ቁልፍ አይሆንም። በሕግ የቆመ ፈንድም ቢሆን ሕግ አውጪው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሕግ ያወጣበታል።

ከዚያ በኋላ

ዐቃቤ ሕጉ ከሥልጣን ሲወርድ የግል ጥብቅና ገባ። አሁን እሱ ራሱ ከውጭ የሚቀጠረው ጠበቃ ሆነ። በ2017 ኦሃዮ ሱስ አስያዥ የሕመም ማስታገሻ በሚሠሩ የመድኃኒት ኩባንያዎች ላይ ስትነሣ ከጠበቆቹ አንዱ ነበር። ሐሳቡ ያው የ1994ቱ ነው፤ እናንተ አተረፋችሁ፣ የሆስፒታሉንና የማገገሚያውን ወጪ እኛ ከፈልን።

በ2021 ሦስት ትልልቅ የመድኃኒት አከፋፋዮችና አንድ አምራች ከግዛቶችና ከከተሞች ጋር በ26 ቢሊዮን ዶላር ለመታረቅ ተስማሙ። ውሉ ላይ ከገንዘቡ ቢያንስ 85 በመቶው የሱሱን ችግር ለማቃለል እንዲውል ተጽፏል። በ1998ቱ የ46 ግዛቶች ውል ውስጥ ለግዛቶቹ የሚከፈለው ገንዘብ ለምን እንደሚውል የሚያስገድድ መስመር አልነበረም።